አስተርጓሚው ዩሱፍና የሐርላው ፊልም

ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ለጋሽ ዩሱፍ ሰላምታ እልክ ነበር። ሰላምታዬ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም፤ አንዳንዴ ጊሽጣ፣ አንዳንዴ በደብተር ቅዳጅ ላይ የተጫረ ቀልድ ይዞ ይመጣል። ባለፈው ሰኔ ግን ጎረቤቴ የጭነት መኪና ሹፌሩ ከድሬ ሲመለስ በሬ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። "እማማ አልማዝ፣ ሰላምታዎን የሚቀበለኝ አጣሁ" አለኝ። ጋሽ ዩሱፍ ካረፈ ሦስት ወር አልፎት ነበር።

አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳላስበው ሳቄ መጣ። ሹፌሩ ደንግጦ ውኃ ሊያመጣልኝ ተነሳ። ምን ላድርግ? ያንን ሰው እያሰቡ እስከ መጨረሻው ማልቀስ አይቻልም።

ያወቅሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የባቡር ቢሮ የጽሕፈት መኪና እመታለሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። እሱ አርባን ተሻግሯል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ሰው ነበር። "አንቱ አትበይኝ፣ ወላሂ ያስረጀኛል" ብሎ ስለከለከለኝ አንተ እለው ነበር፤ "ጋሽ" የምትለዋን ግን እኔም አልተውኳት። በሥራ ቀን አቴሊዬ ውስጥ፣ ባቡር በሚጠገንበት ግቢ ማለት ነው፣ የመለዋወጫ መጋዘን ይጠብቃል። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ሲኒማ ቤት ነው።

በዚያን ጊዜ ፊልም በህንድኛ ይመጣል፣ በጣልያንኛ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ከሥር የሚጻፍ አማርኛ የለም። ጋሽ ዩሱፍ ከሸራው ጎን በርጩማ ላይ ይቆምና፣ ከካርቶን የጠቀለለውን ድምፅ ማጉያ አፉ ላይ ደቅኖ፣ የሚባለውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ያሰማናል። የሚያስፈራ ነገር ሊመጣ ሲል ግራ እጁን ያነሳና ጣቶቹን ቀስ እያለ ይጨብጣል። ያን ጊዜ አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል።

ህንድኛ ግን አያውቅም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ እሁድ በህንድ ፊልም ውስጥ ጀግናው ከአንዲት ሴት እግር ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ጋሽ ዩሱፍ "ሚስቴ ሆይ፣ ማሪኝ!" አለ። ከኋላ አንድ ህንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ተነሥቶ፣

"ዩሱፍ! እናቱ እኮ ናት!" ብሎ ጮኸ።

"በድሬዳዋ ሚስቱ ናት! ቁጭ በልና እይ አቦ!"

ፊልሙ እስኪያልቅ ያንን ስህተት ሲያቃና ላብ በላብ ሆነ። እውነተኛዋን ሚስት የጎረቤት ልጅ አደረጋት፤ አባትየውን የቤት ባለቤት አደረገው። መጨረሻ ላይ ሠርጉ ሲመጣ ማን ማንን እንዳገባ የገባው ሰው አልነበረም፤ አዳራሹ ግን በእልልታ ተናጋ። ጨርቅ ነጋዴውም ቆሞ አጨበጨበ።

ይህ ሰው ነው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ "አልማዝ፣ ትፈሪያለሽ?" ያለኝ።

"ምንን?"

"ገና አልነገርኩሽም።"

ከብብቱ ሥር ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አወጣ። ያገኘው ቀፊራ ገበያ ነው። አንድ ቅመም ሻጭ ገጹን እየገነጠለ እርድና ዝንጅብል ይጠቀልልበታል። ጋሽ ዩሱፍ የገዛውን እርድ ሲፈታ መጠቅለያውን ማንበብ ጀመረ፤ ታሪኩ መሐል ላይ ተቆረጠበት። በሩጫ ተመልሶ የቀረውን መጽሐፍ እንዳለ ገዛው። ሽፋኑና የፊተኞቹ ገጾች ግን ሄደዋል፤ የመጽሐፉን ርእስም የደራሲውንም ስም እስከ ዛሬ አላወቅንም። "ስሙን ዝንጅብል የገዛ ሰው ወስዶታል" ይል ነበር።

ታሪኩ ጨለማ ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት። አንድ ደጃዝማች የአንዲት ሴት ሦስት ወንድሞችን በሐሰት ክስ ይሰቅላል። ሴትዮዋ ስሟን ለውጣ፣ ጠጅ ጣይ ሆና ቤቱ ትገባለች። ሰባት ዓመት ታገለግለዋለች፤ ሰባት ዓመት ቀኗን ትጠብቃለች። በመጨረሻ መርዙን ትቀዳለታለች። ደጃዝማቹ ግማሹን ጠጥቶ ሲወድቅ ትንሿ ልጁ ወደ አባቷ ትሮጥና የቀረውን ዋንጫ ታነሳለች። ጠጅ ጣይዋ ታያለች። ዝም ትላለች። ልጅቷ ጠጥታ ስትወድቅ፣ አተላውን ራሷ ትጨልጠዋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

"ይኼን ፊልም አደርገዋለሁ" አለኝ። "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሌላ አገር ገዳይና ሟች ሳስተረጉም ኖርኩ። የራሳችንን ሰው በሸራ ላይ ሲፈራና ሲያስፈራ ማየት አማረኝ።"

እብደት መስሎኝ ነበር። ግን ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመናዊ ፎቶ አንሺ ነበረ፤ ሠርግ የሚያነሳባት ትንሽ የፊልም ካሜራ አለችው። ድምፅ አትቀዳም። "ግድ የለም፣ ድምፁ እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ዩሱፍ። እኔ በምሳ ሰዓት የሚነግረኝን በጽሕፈት መኪና እመታ ጀመር። በዚያ በድሬ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ እኛ ሰው በመርዝ ስንገድል እንውላለን።

መጽሐፉ የሴትዮዋን ቂም በሁለት ገጽ ሙሉ ይዘረዝረዋል። እኔም እንዳለ ልመታው ስል ጋሽ ዩሱፍ እጄን በእርሳስ መታ አደረገኝ።

"ልብ በካሜራ አይታይም፣ አልማዝ። እጇ ነው የሚታየው። ዋንጫ ትጠብ። አጥባ ትጨርስ። ከዚያ የታጠበውን ዋንጫ እንደገና ትጠብ።"

"ለምን?"

"አየሽ! አሁን አንቺ ጠየቅሽ። ሕዝቡም ይጠይቃል። የጠየቀ ሰው ከወንበሩ አይነሳም።"

የጻፍነውን የሚፈትነው መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ጫት በሚቃምበት ቤት ነው። ትዕይንቱን ይተርክላቸዋል፤ ዓይኑ ግን እጃቸው ላይ ነው። ቅዳሜ ወሬውን ይዞልኝ ይመጣል፦ "ስድስተኛው ትዕይንት አልሠራም፤ ዝም ብለው ቃሙ። ዘጠነኛው ላይ ግን አንዱ ቅጠሉን አፉ አጠገብ አድርሶ ቆመ። እስክጨርስ አልጎረሰም።" ያ ማለት ዘጠነኛው ዳነ፣ ስድስተኛው ይቀደዳል ማለት ነው።

ለደጃዝማቹ ቦታ፣ አቴሊዬ ውስጥ የሚሠራ ጣሰው የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ተገኘ። ፊቱ ሲኮሳተር ግድግዳ ያስፈራል፤ ልቡ ግን እንደ ሕፃን ነው። የአራት ዓመት ልጁ ስንቅነሽም የደጃዝማቹ ልጅ እንድትሆን ተስማማ። ጠጅ ጣይዋ ግን ጠፋች። የተጠየቀችው ሴት ሁሉ "ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ከተማው ሊያየኝ?" እያለች ሸሸች። አንድ ቀን ጋሽ ዩሱፍ ስተይብ እጄን ትክ ብሎ ሲያይ ያዝኩት።

"በፍጹም" አልኩት፣ ሳይናገር።

"እኔ ምን አልኩ?"

"አባቴ ይገድሉኛል።"

"እሺ፣ እሳቸውን ልጠይቃቸዋ።"

አባቴ የባቡር ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ከመንዝ የመጡ፣ ከዳዊት ሌላ መጽሐፍ የማይገልጡ። ጋሽ ዩሱፍ እሁድ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ጠብቆ መጣ፤ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ።

"ጌታዬ፣ ልጅዎን ለክፉ ሥራ ፈልጌ ነው የመጣሁት" አላቸው።

እኔ ከጓዳ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

"ምን ዓይነት ክፉ ሥራ?" አሉ አባቴ።

"ሰው እንድትገድልልኝ። በፊልም ነው እንጂ በእውን አይደለም። መልስ ከመስጠትዎ በፊት ግን ይቺን ያንብቡልኝ።" መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ።

አባቴ ለሁለት ቀን አልነኩትም። በሦስተኛው ቀን ወደ ጅቡቲ ተረኛ ሲሆኑ በቦርሳቸው ሲከቱት አየሁ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ጋሽ ዩሱፍን አስጠሩትና፣

"ደጃዝማቹ የእጁን ነው ያገኘው" አሉት። "ሕፃኗ ግን..." አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይሁን። ትግደል። ግን አንድም ወንድ እጇን እንዳይዝ።"

በመጽሐፉ ውስጥ ደጃዝማቹ የሴትዮዋን እጅ ይዞ "ማነሽ አንቺ?" ብሎ የሚያፋጥጥበት ትልቅ ትዕይንት አለ። ጋሽ ዩሱፍ የአባቴን ቃል ለማክበር ሲል ለወጠው፦ ደጃዝማቹ የዘረጋው እጅ እኔ ጋ ሳይደርስ ዋንጫው ላይ ያርፋል። እሱ ዋንጫውን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘን እንተያያለን። መጋላ ሲፈተን፣ አለኝ፣ የሁሉም እጅ ቆመ። "ለአባትሽ ምርቃት አድርሺልኝ፤ ከደራሲው በለጡ።"

ቀረጻው ሦስት ወር ወሰደ፤ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምንሠራው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐርላ የሚባል መንደር አለ፤ የጥንት ሰዎች ሠሩት የሚባል የድንጋይ ፍርስራሽ ይገኝበታል። የደጃዝማቹ ግቢ እሱ ሆነ። በጭነት መኪና ማልደን እንወጣለን። ካባው የአንድ ሙሽራ ነው፤ ጎራዴው የጣሰው የራሱ ሥራ። አንድ ቀን ጣሰው በዙፋኑ ላይ ተኮፍሶ ሊፈርድ ሲል ጋሽ ዩሱፍ ቀስ ብሎ፣

"ደጃዝማች፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" አለው።

ጣሰው ካባውን ገለጥ አድርጎ የእጅ ሰዓቱን አየ። "አራት ከሩብ!"

ማንም አልተቆጣም። ጋሽ ዩሱፍ ሰው ሲሳሳት አይጮህም፤ እንዲህ ራሱ እንዲያየው ያደርጋል። ጣሰው ሰዓቱን አውልቆ ሲያስቀምጥ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ሙሴ ሃጎፕ ብቻ "ፊልም ያልቃል! ፊልም ያልቃል!" እያለ ያጉረመርማል።

እውነቱን ነበር። ለመጨረሻው ትዕይንት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ አንድ ጥቅል ብቻ ቀረን። ጣሰው ደግሞ መሞት አልቻለም። በልምምድ አምስት ጊዜ ሞተ፤ አምስቱንም ጊዜ ሳቀ። ከሁሉ የባሰው ግን ጋሽ ዩሱፍ መጨረሻውን መወሰን አቅቶት ነበር። ሁለት ፍጻሜ አስመትቶኛል፤ በአንዱ ልጅቷ እንደ መጽሐፉ ትሞታለች፤ በሌላው ጠጅ ጣይዋ ሮጣ ዋንጫውን ትነጥቃታለች።

የዚያን እሁድ ጠዋት መኪናው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ቀልድ በሌለበት ድምፅ ነገረኝ።

"እኔ ሕፃን ሳለሁ አባቴ በደም ቂም ተገደለ፣ አልማዝ። የገዳዩ ልጅ እኩያዬ ነበር፤ አብረን ፍየል ጠብቀናል። ዘመዶቼ 'ስታድግ እሱን ትገድላለህ' አሉኝ። እናቴ ይኼን ስትሰማ ባቡር አሳፍራ ድሬዳዋ አመጣችኝ፤ አንድም ቀን ወደ ኋላ አልመለሰችኝም።" ጢሙን አሻሸ። "መጽሐፉ የሚለው እውነት ነው። ቂም ሕፃን ይበላል። ልጅቷን ባድናት ሰዎቹ 'ቂም እንዲህ ነው እንዴ፣ ቀላል ነው' ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ብገድላት ደግሞ... እኔ ራሴ ያንን በማጉያ መናገር የምችል አይመስለኝም።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"አላውቅም። ልጅቷ ዋንጫውን ስታነሳ እያት። የመጣልሽን አድርጊ።"

ቦታችንን ያዝን። ዋንጫው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ሻይ ነው። ካሜራው መንጫጫት ጀመረ። ለጣሰው ቀዳሁለት። ጠጣ። ጉሮሮውን ያዘ፤ ዋንጫውን ድንጋዩ ላይ አኖረና ተንገዳግዶ ወደቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። ስንቅነሽ "አባዬ!" እያለች ሮጣ መጣች፤ እንደ ልምምዱ ዋንጫውን በሁለት እጇ አነሳች። እኔ ቆሜ አየኋት። አንዱ እግሬ ልሂድ ይላል፤ ሌላው እግሬ ቆይ ይላል። ምንም አልወሰንኩም።

በዚህ መሐል ከፍርስራሹ ጀርባ ጩኸት ተሰማ። አንዲት አሮጊት፣ ግመሎቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ ሲያልፉ ያዩት ሁሉ እውነት የመሰላቸው፣ በትራቸውን ይዘው ደረሱ። በአንድ ምት ዋንጫውን ከልጅቷ እጅ አስፈነጠሩት። ስንቅነሽን በክንዳቸው አፈፍ አድርገው ከጀርባቸው የወተት ጮጮ አወረዱና የግመል ወተት አፏ ላይ ደቀኑ፤ መርዝ ያጠፋል ብለው ነው። ከዚያ ጣሰው ላይ ተንበርክከው የቀረውን ወተት በአፉም በአፍንጫውም አንቆረቆሩበት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። በኦሮምኛ እየጮሁ በትሩን አነሱ፤ እኔም ከልቤ ደንግጬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፤ በጉንጬ እንባ እየወረደ ነበር።

ሙሴ ሃጎፕ ካሜራውን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ ጋሽ ዩሱፍ እጁን ያዘው። "ሙሴ፣ በልጆችህ! እንዳታቆም!"

ጥቅሉ አለቀ። ካሜራው ዝም አለ። ጣሰው ተነሥቶ ወተት ሲያስነጥስ አሮጊቷ "ሞቶ ነበር፤ አዳንኩት!" ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ስማቸው ፋጡማ ነበር፤ እንደ አገሩ ደንብ አዮ ፋጡማ አልናቸው፤ አዮ እናት ማለት ነው። ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ደከምን። በመጨረሻ ዋንጫውን አንስተው አሸተቱ፤ የቀረችውን ጠብታ ቀመሱ።

"ሻይ ነው እንዴ!" አሉ። "ስኳር እንኳን የለው!"

ጋሽ ዩሱፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሥራው ሁሉ ተበላሽቶበት የሚያለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ። እጁን ሲያነሳ እያለቀሰም እየሳቀም ነበር።

"ከሁለት አንዱን መምረጥ አቅቶኝ ስድስት ወር ከረምኩ" አለኝ። "ሦስተኛው በጮጮ መጣ።"

ፊልሙ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ታጥቦ እስኪመለስ አራት ወር ጠበቅን። መርከቡ ዘገየ በተባለ ቁጥር ጋሽ ዩሱፍ ለገሃር ሄዶ እንደ ዘመድ ባቡር ይቀበላል። ደረሰ። እሱና ሙሴ ሃጎፕ በሙሴ ጓዳ በመቀስና በሙጫ እየቆረጡ እየቀጠሉ አርባ ደቂቃ የሚሆን ፊልም አወጡ። የመጨረሻውን ጥቅል ግን አልቆረጡትም።

የታየው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሳ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴ የባቡር ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። አዮ ፋጡማ በክብር ተጠርተው ዘመዶቻቸውን ይዘው መጡ፤ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ጋሽ ዩሱፍ በርጩማው ላይ ወጣ። ዋንጫውን እንደገና ሳጥብ ከኋላ አንዱ "ለምን?" ሲል ተሰማ። ዋንጫውን ሁለታችን ስንይዝ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ዩሱፍ ግራ እጁን አነሳ፤ ጣቶቹ መጨበጥ ጀመሩ። ጣሰው ወደቀ። ስንቅነሽ ዋንጫውን አነሳች።

አዮ ፋጡማ ሸራው ላይ ራሳቸውን እየሮጡ ሲመጡ አዩ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በዚያን ቀን በእኔ ላይ የጮሁትን በኦሮምኛ እንደገና ጮሁ። ጋሽ ዩሱፍ ለዚህ ትዕይንት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ እኔ ራሴ መትቼዋለሁ። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና እሳቸው የሚሉትን ብቻ፣ ቃል በቃል፣ ለአዳራሹ አስተረጎመ፦

"ከትልቁ ጋር ያለሽ ቂም የራስሽ ጉዳይ ነው! ሕፃኗ ምን አደረገችሽ? ሕፃኗ ምን አደረገችሽ?"

በሶማልኛም ደገመው። ድምፁ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰው። መብራት ሲበራ አጠገቤ የነበሩት ጫት ቃሚዎች ቅጠላቸውን ሳይጎርሱ በእፍኛቸው እንደያዙ ነበር።

ያ ፊልም ዛሬ የለም። በሙቀቱ ተጣብቆ፣ በየከተማው ሲዞር ተበጣጥሶ አለቀ። ለብዙ ዓመት በድሬ መንገድ ላይ "ጠጅ ጣይዋ መጣች!" እየተባልኩ ሄድኩ፤ ባለሱቆች ለስላሳ ሲሰጡኝ "እኛ ነን የምንቀዳልሽ፣ አንቺ አትቅጂልን" ይሉኛል። እኔ ግን ከሁሉ የማልረሳው በዚያ እሁድ ጭብጨባው በረድ ሲል የሆነውን ነው። አንድ መምህር ከመሐል ተነሣ። መጽሐፉን አዲስ አበባ ሳለ እንዳነበበው ተናገረ፤ ርእሱን ግን ረስቶታል። በጣም ተቆጥቷል።

"ይህ ትክክል አይደለም!" አለ። "በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ ትሞታለች! ደራሲው ገድሏታል!"

አዳራሹ ሁሉ ወደ በርጩማው ዞረ። ጋሽ ዩሱፍ ማጉያውን ከአፉ አወረደ። ከፊት ረድፍ ስንቅነሽን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡትን አዮ ፋጡማን አየ፤ ከዚያ መምህሩን አየ።

"እውነትህን ነው ወንድሜ" አለው። "ደራሲው ምን ያድርግ? አዮ ፋጡማን አላገኛቸውም።"